ሦስት እጅ ያጠጣት አኩራፊ

ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ቀኑን አጥብቄ የያዝሁት፣ ለምወዳት ሴት የመጀመሪያውን ውሸት በገዛ እጄ የጻፍሁበት ቀን ስለሆነ ነው። ውሸቱ አራት ቃል ነበር፦ «አበቦቹ ሁሉም ደህና ናቸው።» ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ያለ አስተማሪ፣ የቧንቧ ዕቃ በሚታሸግበት ካርቶንና ዕቃ በሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ስለነበር፣ አራት ቃል መጻፍ ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ያን ግማሽ ቀን እውነቱን ለመጻፍ አውዬው ቢሆን ኖሮ፣ ቀጥዬ የምተርከው ሁሉ ባልደረሰ።

ሙያዬ ቧንቧ ሠራተኛነት ነው። ውሃ ከሚንጠባጠብበት ቤት ስለማልጠፋ ሰፈሩ «ጠብታ» ብሎ ይጠራኝ ነበር። በጡረታ ላይ የነበሩት ዳኛ ቤት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ቧንቧው ከቤቱ ጋር አብሮ ያረጀ በመሆኑ አንዱን ሲደፍኑት ሌላው ይፈነዳል። ስለዚህ በየቅዳሜው ጠዋት የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ በጓሮ በር እገባ ነበር። በፊት ለፊት በር ገብቼ አላውቅም፤ ግባ ያለኝም አልነበረም።

የዳኛው አንዲት ልጅ መምህርት ነበረች። መጀመሪያ ዓይን ለዓይን የተያየነው ባልዲ ውስጥ ነው። እኔ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ተንበርክኬ እሠራለሁ፤ እሷ ከኋላዬ ቆማ ባትሪ ታበራልኛለች። በባልዲው ውሃ ላይ ፊቷን አየሁ፤ እሷም የእኔን አየች፤ ሁለታችንም ቀና ለማለት አልደፈርንም። ጠብታ ወርዶ ውሃውን እስኪበትነው ድረስ እንደዚያው ቆየን። ከዚያ ወዲያ ለሁለት ዓመት ያህል፣ ቧንቧው ባይበላሽ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር እያልሁ የኖርሁ ሰው ነኝ።

ከሳሎኑ ጎን በመስታወት የተከለለ በረንዳ ነበር። እናቷ በሕይወት ሳሉ ዘጠኝ አበባ በዘጠኝ ማሰሮ አሳድገውበታል፤ ለእያንዳንዱም ቅጽል ስም አውጥተውለታል። በሩ አጠገብ ቀጥ ብሎ የቆመው የጎማ ዛፍ «ዘበኛው» ነበር። ሰፋፊ ቅጠልና አንዲት ነጭ አበባ የነበራት ደግሞ «አኩራፊዋ» ትባላለች፤ ትንሽ ሲጠማት ቅጠሏን ሁሉ ጥላ ስለምታኮርፍ ነው። እናቲቱ ካረፉ በኋላ ዳኛው ወደዚያ በረንዳ ዝር አይሉም ይባል ነበር። ሁላችንም አምነን ነበር።

መምህርቷ ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ወደ ሌላ አገር ልትሄድ ስትል፣ ከጉዞዋ በፊት በነበረችው ቅዳሜ በረንዳው ላይ ጠራችኝና አበቦቹን አደራ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬን ስጨርስ በምሥጢር እንዳጠጣቸው፣ አባቷ እንዳያዩኝ እንድጠነቀቅ ነገረችኝ። ከዚያ የሰጠችኝ ሌላው አደራ ከዚህ ይከብዳል።

«እናቴ ስትታመም ፈተና ላይ ነበርኩ» አለችኝ። «ደህና ናት፣ ደህና ናት እያሉ ጻፉልኝ። ስመጣ የመቃብሯ አፈር ደርቆ ጠበቀኝ። አንተ እንደሱ እንዳታደርገኝ። የደረቀ ካለ ደረቀ በለኝ። ደህና የሚለውን ቃል ጠልቼዋለሁ።»

እሺ አልኋት። እሺ ማለት እንዴት ቀላል እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

«ስመለስ እዚህ፣ በእናቴ አበቦች ፊት ቆሜ ለአባዬ እነግረዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ጠብታን ላገባ ነው ብዬ። እሱ ይፈነዳል፤ አንተ ትደፍናለህ።»

ሳቅን። ከዚያ ግን ሳቋን አቁማ እጇን በአኩራፊዋ ቅጠል ላይ አደረገች። ያ እጅ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም።

*

በሁለተኛው ወር አኩራፊዋ ቅጠሏን ጣለች። ተጠምታለች ብዬ አጠጣኋት። በሳምንቱ ስመጣ ይበልጥ ጥላለች፤ አብዝቼ አጠጣኋት። ቅጠሏ ከዳር ጀምሮ ቢጫ ሆነ፤ ከማሰሮው አፈር ላይ ትንንሽ ዝንቦች ተነሡ። ወደ ፀሐይ አዛወርኋት፤ ከፀሐይ መለስኋት። ማዳበሪያ ሰጠኋት። የሌሎቹንም ግንድ በጣቴ ስነካው እንደ በሰለ ሙዝ ይለሰልስ ጀመር። ቧንቧ ሲታመም ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ የት እንዳመመው አውቃለሁ፤ ቅጠል ግን ለጆሮዬ ምንም አልነገረኝም። ሰው ልጠይቅ ብዬ አስቤ ነበር። ነገር ግን የጠየቅሁ እንደሆነ፣ «ያንተ ናቸው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ለዚያ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም።

ደብዳቤዋ በምሠራበት የቧንቧ ዕቃ መደብር አድራሻ ይመጣልኝ ነበር። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ብርዱ፣ ጠረጴዛዋ አጠገብ ስላለው መስኮት ትጽፍና መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ታስቀምጣለች፦ «አኩራፊዋ ታኮርፋለች?» እኔም ከብዙ ላብ በኋላ ደህና ናቸው ብዬ እመልሳለሁ። መጀመሪያ የዋሸኋት በሚመጣው ሳምንት ያገግማሉ ብዬ ስለነበር ውሸት አልመሰለኝም ነበር። ሁለተኛውን የጻፍሁት የመጀመሪያውን ላለማፍረስ ነው። ሦስተኛውን የጻፍሁት በምን ምክንያት እንደሆነ አላውቅም፤ እጄ ለምዶት ይሆናል። በግንቦት ስድስቱ ወዳድቀው ነበር። በየቅዳሜው በረንዳው ላይ ቆሜ፣ ውሃ የያዘ ጣሳ በእጄ፣ ማንን እንደማድን ሳላውቅ እመለሳለሁ።

በዚያው ወር ሌላ ደብዳቤ መጣ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እንደምትደርስ ጽፋለች። የደስታ ደብዳቤ ነበር። ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ነው የተሰማኝ።

*

በማግሥቱ ከማሰሮዎቹ ትንሿን፣ እንደ ሌሎቹ የናስ ዕቃ ውስጥ ያልገባችውን፣ በኮቴ ሸፍኜ ከዚያ ቤት አወጣሁና መንገድ ዳር ወደምትቀመጥ ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄድሁ። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ እጆቿ እስከ ክርኗ አፈር የሆኑ ሴት ነበረች። ሳላስረዳት ማሰሮውን ተቀበለችኝ። ጣቷን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ሰደደች፤ አውጥታም አሸተተችው።

«ማነው ያሰጠማት?»

«ታማ ነው እንጂ» አልሁ።

«አልታመመችም፣ ወንድሜ፤ ሰጥማለች። ቅጠሏን ስትጥል የጠማት መስሎህ ነዋ። የሰጠመ ሰው እጁን ሲያወራጭ ውሃ ጨምሩልኝ ማለቱ ነው እንዴ?»

ሙያዬን ጠየቀችኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነገርኋት። ከጎኗ የምትሸጠዋን ሴት ጠርታ፣ ቧንቧ ሠሪ አበባ አሰጥሞ መጣ ብላ መሳቂያ አደረገችኝ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ እኔ ግን የማለቅስበት ቦታ አጥቼ ነበር። ሳቁ ሲበርድላት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደማጠጣ ጠየቀችኝ፤ አንድ ቀን ብቻ መሆኑን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ የአንድ ቀን ውሃ አይደለም። ሌላ እጅ አለበት።»

ከዚያ የሚደረገውን አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ከማሰሮው አውጥቶ ሥሩን ማጠብ፤ ነጭና ጠንካራ የሆነው በሕይወት ያለ ነውና መተው፣ ቡናማ ሆኖ የላላውን በተቀቀለ መቀስ መቁረጥ፤ አሸዋ በተቀላቀለበት አዲስ አፈር፣ ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ማሰሮ መትከል፤ ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ማኖር። ማዳበሪያ የለም። ጣት ሁለተኛው አንጓ ድረስ ገብቶ ደረቅ አፈር እስኪያገኝ ድረስ ውሃም የለም፤ አሥር ቀንም፣ አሥራ ሁለት ቀንም ቢፈጅ።

«ከባዱ እሱ ነው» አለችኝ። «እጅህን ሰብስበህ መቀመጡ። ጀማሪ ሁሉ የሚገድለው እዚያ ላይ ነው።»

እስከዚያች ቀን ድረስ ፍቅር ማለት መስጠት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

*

በማግሥቱ ቅዳሜ አልነበረም። ሆኖም አፈርና አሸዋ በጆንያ፣ ትንሿንም ማሰሮ በኮቴ ሥር ይዤ በጓሮ በር ገባሁ። ወደ በረንዳው ስቃረብ የሰው ድምፅ ሰማሁ።

«ዛሬም አኮረፍሽ?» ይላል ድምፁ። «ዛሬስ ምን አጠፋሁ?»

ዳኛው ነበሩ። መድኃኒታቸውን የሚወስዱበትን ብርጭቆ ይዘው አኩራፊዋ ፊት አጎንብሰዋል። በችሎት ሰው ያርበደብድ ነበር የሚባለው ያ ድምፅ እንደ ወጣት ሙሽራ ድምፅ ለስልሶ ነበር። ብርጭቆውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሩ ላይ አፈሰሱት። ሰውን ራቁቱን ያየሁ ያህል አፈርሁና ወደ ኋላ ልመለስ ስል ጆንያው በሩን ነካው። ዞሩ። ወዲያው ከሳሎን በኩል እቴቴ ገባች፤ መምህርቷን ያሳደገች፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት ናት። በሽርጧ የሸፈነችው ማንቆርቆሪያ አፉ ብቻ ወጥቶ ይታያል።

ሦስታችንም ቆመን ተያየን።

ቀድማ የተናገረችው እቴቴ ናት። «እኔማ ሁለታችሁም የረሳችኋቸው መስሎኝ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ወንድና አበባ መቼ ይተዋወቃል ብዬ፤ ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው ጠብ የማደርገው።» ዳኛው ልጃቸው ከሄደች ጀምሮ በየጠዋቱ አንዳንድ ብርጭቆ ለየማሰሮው እንደሚሰጡ ቀስ ብለው ተናገሩ። ለሟች ባለቤታቸው ያልሰጡትን ጊዜ ለአበቦቿ ሊሰጡ ፈልገው ነበር፤ ሰው እንዳያያቸውም አፍረው ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ የችሎቱ ድምፅ ተመለሰ።

«አንተስ በምን ምክንያት?»

ተቀጥሬ ነው ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይዘጋ ነበር። ሦስት ጊዜ የዋሸው እጄ ግን ዝሎ ነበር።

«አደራ ተሰጥቶኝ ነው፣ ጌታዬ። ልጅዎ ናት የሰጠችኝ። እወዳታለሁ፤ እሷም ትወደኛለች። ስትመጣ ራሷ ልትነግርዎ ነበር። እሱንም ቀደምኩባት፤ እሱንም አበላሸሁባት።»

ዳኛው በባዶው የማሰሮ ማስቀመጫ ላይ ተቀመጡ። አልፈነዱም። አበቦቹ የበሰበሱባቸውን ማሰሮዎች ተመልክተው በደብዳቤ ምን ብዬ እንደጻፍሁላት ጠየቁኝ።

«ደህና ናቸው ብዬ።»

«እኔም እንደሱ ነው የጻፍኩላት» አሉ። ቀጥሎ የተናገሩት ለእኔ አልነበረም፤ ለአኩራፊዋ ነበር። «ያኔም እኔ ነኝ። እናትሽ ደህና ናት ብዬ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ብትመጣስ ምን ታደርጋለች ብዬ። እንዳትረበሽ ብዬ።»

እቴቴ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠችና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። እኔ አንድ ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

*

እቴቴ መቀስ ቀቅላ አመጣች። ማሰሮዎቹን እናቲቱ ለጌጥ ከገዟቸው የናስ ዕቃዎች ውስጥ አንድ በአንድ አነሣኋቸው። በእያንዳንዱ ናስ ውስጥ የቆመ ጥቁር ውሃ ነበር፤ ናሱ መውረጃ የለውም። ሽታው ወጣ፤ በየቀኑ በየሰዉ ቤት እያሸተትሁ እንጀራዬን የምበላበት፣ የተዘጋ ፍሳሽ ሽታ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የተዘጋ መውረጃ ስፈልግ የኖርሁ ሰው፣ የአንዲት ማሰሮን ሥር ገልብጬ አላየሁም። በዚያች ሰዓት ከመሣሪያ ሳጥኔ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቶኝ ነበር።

ሥሩ እንደ ረጠበ ወረቀት በጣቴ መካከል እየተላቀቀ ይቀራል። አንዱን አጥበን አየን፤ የለም። ሁለተኛውን አየን፤ የለም። ዳኛው ተክሉን ይይዛሉ፣ እኔ መቀሱን እይዛለሁ። «ይሄስ?» ይሉኛል። የሞተ ነው እላለሁ። «ይሄስ?» ዕድሜ ልካቸውን በሰው ላይ ሲፈርዱ የኖሩ ሰው፣ በሥር ላይ መፍረድ አቅቷቸው ፍርዱን ለእኔ ተዉት። ቅጠሉን አራግፎ ዱላ የመሰለውን ዘበኛ ቀና ብሎ ማየት እንኳ አሳዘነን፤ ከእነ ጉቶው አሸዋ ውስጥ ሻጥ አድርገን ጥግ አስቀመጥነው፤ ለመጣል አልጨከንንም። አኩራፊዋ መጨረሻ ነበረች። ሦስት ነጭ ሥርና ሁለት ቅጠል ተረፏት።

ደብዳቤውን በዚያው ቀን ጻፍን። ዳኛው የራሳቸውን ገጽ በሚያምር እጅ ጽፈው አጠፉት፤ ምን እንዳለበት አላየሁም። ብዕሩን ሰጡኝና የእኔን እስክጨርስ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጠበቁኝ። ይህን ጻፍሁ፦

«ስምንቱ ሞቱ። አኩራፊዋ ሁለት ቅጠል ቀርቷታል። ደህና ናቸው ያልኩሽ ውሸት ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ። ሦስት ሰው ሆነን በየግላችን አጠጣናቸው፤ ማናችንም ለማናችን አልተናገርንም። አባትሽ ስለ እኛ ያውቃሉ። ይቅር በይኝ ለማለት አይደለም። የደረቀ ካለ ደረቀ በለኝ ስላልሽኝ ነው።»

ስሄድ ዳኛው እስከ በሩ ሸኙኝ። ስለ ጋብቻ አልተናገሩም፤ አልተቆጡኝምም። «ነገ በፊት ለፊት በር ግባ» አሉኝ ብቻ። «የጓሮው መንገድ ጭቃ ነው።»

ጭቃ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ዝናብ አልጣለም ነበር።

*

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት የምንሠራው ነገር የሌለባቸው ቀናት ነበሩ። በየቀኑ በፊት ለፊት በር ገብቼ ከሁለቱ ጋር ማሰሮዋ ፊት እቀመጣለሁ። በተራ ጣታችንን እናስገባለን፤ ርጥብ ነው እንባባላለን። በሰባተኛው ቀን ከሁለቱ ቅጠል አንዱ ቢጫ ሆነ። እቴቴ አንድ ማንኪያ ብቻ ብላ ለመነች። ዳኛው ማንቆርቆሪያውን ወስደው ከሕግ መጽሐፎቻቸው ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። «ይግባኝ የለውም» አሏት። እቴቴም ድሮም የርስዎ ፍርድ ምሕረት አያውቅም ብላ እያጉረመረመች ወጣች።

ለደብዳቤው መልስ አልመጣም። ደርሷት ዝም ብላ ይሁን፣ መንገድ ላይ ቀርቶ ይሁን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። አንድ ጊዜ ዳኛው ቀና ሳይሉ፣ የተከሰሰ ሰው ፍርድ ሲጠብቅ እንዲህ ነው እንዴ የሚሆነው ብለው ጠየቁኝ። ተከስሼ አላውቅም አልኋቸው። «እኔም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ጣታችንን ወደ ማሰሮዋ መለስን፤ የመምህርቷን ስም ከሁለታችን ማንም ደፍሮ አላነሣም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት መጣች። ቦርሳዋን ሳሎን ጥላ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ማንንም ሰላም ሳትል በቀጥታ ወደ በረንዳው ገባች። ባዶዎቹን ቦታዎች አንድ በአንድ ተመለከተች። አኩራፊዋ ጋ ስትደርስ ጣቷን አፈሩ ውስጥ አስገባች።

«ደርቋል» አለች። «ለምን አላጠጣችኋትም?»

«ተከልክለን» አሉ ዳኛው።

ልትስቅ ነው ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ሦስቱ ደብዳቤዎችህ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ደህና ናቸው የሚሉት። እያንዳንዱን ሳነብ እናቴ እንደገና ትሞትብኝ ነበር። ያን ቃል አውቀዋለሁ እኮ።»

 እጆቼን ጎኔ ላይ ዘርግቼ ቆምሁ።

«አራተኛው ሲደርሰኝ ግን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የአባዬንም አነበብኩት። ከዚህ ቤት እውነት ሲጻፍልኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

ዳኛው ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ። ትከሻቸው ብቻ ይታየኝ ነበር።

እሷ ወደ ጥጉ ሄደች። ያ ዱላ የመሰለው ዘበኛው እዚያ አሸዋው ውስጥ ቆሟል። ተንበረከከችና በጥፍሯ ቅርፊቱን በስሱ ፋቀችው። ነጭ ወተት ብቅ አለ፤ አንዲት ጠብታ ሆኖም ወደ ታች ወረደ። ጎትታኝ ከጎኗ አንበረከከችኝ፤ እንድነካውም ጣቴን ይዛ ወሰደችው።

«ስምንት ብለህ ጻፍክልኝ» አለች። «ሰባት ናቸው። ይሄን በቁሙ ቀብረኸዋል።»

«አላወቅኩም ነበር።»

«አታውቅም። ብዙ ነገር አታውቅም።» ጣቴን አልለቀቀችውም። «እንግዲህ አንተ ተሳሳት፤ እኔ አርምሃለሁ። ሌላ ምን እናደርጋለን?»

ለትዳር የተጠየቅሁትም የተመለሰልኝም በዚያች ቃል ነው። ከኋላችን የመሳቢያ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ፤ ዳኛው ማንቆርቆሪያውን እያወጡ ነበር። ዓይኔን በጥፍሯ ላይ በቀረው ነጭ ጠብታ ላይ አድርጌ ቆየሁ፤ ቀና ብል እንደ ባልዲው ጊዜ ሁሉም ነገር የሚበተን መስሎኝ ነበር።

*

ሠላሳ አምስት ዓመት አረመችኝ። የጻፍሁትን ሁሉ እሷ ሳታየው ለማንም አልሰጠሁም፤ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ማን ምን እንዳለ፣ በቀይ እስክሪብቶ ታቀናልኝ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ወንበሯ ባዶ ነው፤ ይህም ቀይ ሳይነካው የሚወጣ የመጀመሪያ ጽሑፌ ነው። የአኩራፊዋና የዘበኛው ተወላጆች መስኮቴ ላይ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገባለሁ፤ ርጥብ ከሆነ እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ። አሁንም ከባዱ እሱ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በዚያ መንገድ የኖራችሁ፣ ያን የመስታወት በረንዳ ያያችሁ፣ ወይም ባርኔጣ ያደረገችውን ችግኝ ሻጭ የምታውቁ ካላችሁ፣ ያጣመምሁትን አቅኑልኝ። ቀን ስቼ፣ ቁጥር ጨምሬ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ይልቅ ግን፣ ሞቷል ብዬ ከጻፍሁት መካከል በሕይወት ያለ ካለ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።